ከባንኮኒው ማዶ የቆሙት

በ1935 ፍራንክ ጄሶፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሌስተር ከተማ ውስጥ የካሜራ ሱቅ ከፈተ። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሎቢስ የተባለው የካሜራ መደብር ያኔ 37 ዓመት ሆኖት ነበር። (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ከተሞች ካሜራ መግዛት ጊዜ የሚወስድ ጉዳይ ነበር። ደንበኛው ባንኮኒው ፊት ይቆማል። ሻጩ ከመስታወቱ ውስጥ ካሜራውን ያወጣል፣ ከቆዳ ማኅደሩ ይፈታል፣ ጀርባውን ከፍቶ ፊልሙ እንዴት እንደሚገባ ያሳያል። ፀሐይ ላይ ይህን ቁጥር፣ ጥላ ውስጥ ያንን ቁጥር ተጠቀም ይለዋል። ከሳምንት በኋላ ደንበኛው ፊልሙን ሊያሳጥብ ይመለሳል፤ ያው ሻጭ ፎቶዎቹን አይቶ እጅህ ተንቀሳቅሷል ወይም ብርሃኑ በዝቶብሃል ይለዋል። እንዲህ እየተመላለሰ የገዛውን ዕቃ ይማራል።

ዋጋው ግን የትም ቢሄድ ያው ነበር። በ1937 የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ ክፍለ ግዛቶቹ እስከ ፈቀዱ ድረስ፣ አምራቹ ዕቃው በየሱቁ ከስንት በታች እንዳይሸጥ እንዲወስን መንገድ ከፍቶለት ነበር። እንግሊዝ ውስጥም አሠራሩ ተመሳሳይ ነበር። የዛሬ ሸማች ይህን ሲሰማ ቅር ይለው ይሆናል፤ እውነትም ካሜራ ውድ ነበር። ይሁን እንጂ ዋጋው እኩል በመሆኑ ሱቅ ከሱቅ የሚበላለጠው ባንኮኒው ጀርባ በቆመው ሰው እውቀት ነበር። ቀጥሎ የምተርከው ታሪክ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ያ ሥርዓት እንግሊዝ ውስጥ በ1964፣ አሜሪካ ውስጥ በ1975 በሕግ ተሻረ። መቀነስ የቻለ ሁሉ ዋጋ ቀነሰ። በሌስተር የፍራንክ ልጅ አለን ጄሶፕ የዋጋ ዝርዝር እያሳተመ በፖስታ ይሸጥ ጀመር፤ ሂንክሊ ሮድ ላይ ያቆመው ሱቅ የዓለም ትልቁ የፎቶ ዕቃ መደብር ተብሎ በጊነስ መዝገብ እስከ መስፈር ደረሰ። ፉክክሩ ይበልጥ የጦፈው ግን በኒው ዮርክ ነበር።

የማንሃተን 47ኛ መንገድ የአልማዝ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። በ1960ዎቹ እዚያ የተከፈተውና በመንገዱ ስም የተጠራው ፎርቲ ሰቨንዝ ስትሪት ፎቶ የሃሲዲም፣ ማለትም ጥብቅ ሃይማኖተኛ የሆኑ አይሁዳውያን ሱቅ ነበር። እነርሱና መሰሎቻቸው ፖፑላር ፎቶግራፊና ሞደርን ፎቶግራፊ በሚባሉት መጽሔቶች የኋላ ገጾች ላይ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ጽሑፍ የካሜራና የሌንስ ዋጋ ይደረድሩ ነበር። ሩቅ ክፍለ ግዛት ያለ አንባቢ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ የሚፈልገውን ሌንስ ያገኛል፣ ስልክ ይደውላል፣ ዕቃው በፖስታ ይመጣለታል። ከመደወሉ በፊት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሌላ ነገር ያደርጋል፤ ሰፈሩ ያለው ሱቅ ገብቶ ያንኑ ሌንስ በእጁ ይዞ ይሞክራል፣ ሻጩን እየጠየቀ ይረዳል፣ አመስግኖ ይወጣል።

ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል። እዚህ አይቶ እዚያ መግዛትን ኢንተርኔት ያመጣው ይመስለናል። የትንሽ ከተማ ካሜራ ሻጭ ግን አማዞን ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ ቀምሶታል። ያኔ ትንሹን የሚያስጨንቀው ግዙፍ ነጋዴ ኒው ዮርክ ነበር።

የኒው ዮርክ ዋጋ ለምን ረከሰ? አንዱ ምክንያት ብዛት ነው፤ በብዛት የሚገዛ በትንሽ ትርፍ ይሸጣል። ሌላው፣ ነጋዴዎቹ የአምራቹን የአሜሪካ ወኪል አልፈው ከሌላ አገር በርካሽ የሚያስገቡት ዕቃ ነበር። ካሜራው እውነተኛ ነው፤ የአሜሪካው ወኪል ግን ዋስትና አይሰጠውም። የዚህ ንግድ ሕጋዊነት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 ሲወሰን፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ፎርቲ ሰቨንዝ ስትሪት ፎቶ ራሱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለአብዛኛው እንዲህ ያለ ዕቃ በሩን ክፍት ተወው። ሦስተኛውን ምክንያት መናገር ደስ አይልም። አንዳንድ የከተማው ነጋዴዎች ያስተዋወቁትን ዋጋ አምኖ ለደወለ ሰው ዕቃው አልቋል ብለው ሌላ ውድ ካሜራ ይገፉበት ነበር፤ ወይም ከካርቶኑ ውስጥ ከካሜራው ጋር የመጣውን ባትሪና ማንገቻ አውጥተው መልሰው በገንዘብ ይሸጡለት ነበር። የኒው ዮርክ ካሜራ ነጋዴ ስም ለረጅም ጊዜ የጎደፈው በእነዚህ ነው።

በዚሁ ከተማ ሄርማን ሽራይበርና ባለቤቱ ብሊሚ በ1973 ዋረን መንገድ ላይ ትንሽ የፊልም መሸጫ ከፍተው ነበር። ከስሞቻቸው የመጀመሪያ ፊደላት ቢ ኤንድ ኤች ብለው ጠሩት። በኋላ ፎቶ አንሺዎች ወደሚበዙበት ወደ 17ኛው መንገድ ተዛወሩ። እነርሱም በመጽሔት ያስተዋውቃሉ፣ በፖስታም ይልካሉ። ግን የዕለት ተዕለት ደንበኞቻቸው ባለሙያዎች ነበሩ፤ ለመጽሔትና ለማስታወቂያ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ደግሞ በባትሪና በማንገቻ አይታለልም። አንድ ጊዜ ያታለለውን ሱቅ ዳግመኛ አይረግጥም፤ ለባልደረቦቹም ይናገራል።

1992 ሁለት ነገር ይዞ መጣ። ፎርቲ ሰቨንዝ ስትሪት ፎቶ በዕዳ ተይዞ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጋዴ ቢሮም ሆነ ሱቅ በሌለበት ክፍለ ግዛት የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም የሚለውን መርሕ አጸና። ለኒው ዮርክ ፖስታ ሻጮች ይህ በረከት ነበር። 3,000 ዶላር የሚያወጣ ካሜራ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ6 በመቶ ታክስ ከሱቅ የገዛ ሰው 180 ዶላር ይጨምራል፤ ከኒው ዮርክ ቢያስልክ ግን አንዲት ሳንቲም አይጠየቅም። በሕጉ መሠረት ገዢው ራሱ ታክሱን አስታውቆ መክፈል ነበረበት፤ የሚከፍል ግን እምብዛም አልነበረም። የሰፈሩ ሻጭ ሌንሱን አሳይቶ፣ አስረድቶ፣ መጨረሻ ላይ በ180 ዶላር ይሸነፋል።

ይህን ፍርድ ልብ ብሎ ያነበበ ሌላ ሰው ነበር። ጄፍ ቤዞስ በ1994 አማዞንን ሲመሠርት ሲያትልን ከመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የታክስ ጉዳይ ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር አነስተኛ በሆነ ክፍለ ግዛት መቀመጥ ታክስ የሚሰበሰብበትን ደንበኛ ያሳንሳል። አማዞን በ1995 መጽሐፍ፣ በ1999 ኤሌክትሮኒክስ መሸጥ ጀመረ። በ2000 ኅዳር ደግሞ ማንኛውም ነጋዴ በአማዞን ገጽ ላይ ከአማዞን ዕቃ ጎን የራሱን እንዲሸጥ ፈቀደ።

ቢ ኤንድ ኤች ያኔ ኢንተርኔት ላይ ገብቷል፤ ግን ትልቁን ገንዘብ ያፈሰሰው በሚዳሰስ ነገር ላይ ነበር። በ1997 ዘጠነኛው አቬኑ ላይ፣ ከ33ኛውና ከ34ኛው መንገድ መካከል፣ አሁን ድረስ ያለበትን ሰፊ መደብር ከፈተ። ወደዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን ነው። በጣሪያው ስር የተዘረጋ ሐዲድ መሳይ መንገድ አለ፤ አረንጓዴ ሣጥኖች ሳያቋርጡ ይጓዙበታል። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ካሜራ ይሞክራል፣ ከሻጩ ጋር ይነጋገራል፣ ልግዛ ሲል ሻጩ ወረቀት ያትምለታል። ዕቃው ከምድር ቤት ወጥቶ በሣጥን ውስጥ ሆኖ ከጭንቅላቱ በላይ ያልፋል። እርሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ይከፍላል፣ ሌላ ባንኮኒ ላይ ደርሶ ይረከባል። መክፈያው አጠገብ ከረሜላ ተቀምጦለታል። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ጢማቸውን ያሳደጉ፣ ኪፓ የሚባለውን የአይሁዳውያን ቆብ የደፉ ሃሲዲም ናቸው፤ ከጎናቸው ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ራሳቸው ፎቶ የሚያነሡ ሠራተኞች ይቆማሉ።

ዓርብ ከሰዓት መደብሩ ይዘጋል፤ ሰንበት እስኪወጣ አይከፈትም። ድረ ገጹን ማየት ይቻላል፣ ማዘዝ ግን አይቻልም። ቀዳሚት ሰንበትን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ተቀናቃኝህ ሌሊትና ቀን፣ በዓልና አዘቦት ሳይለይ በሚሸጥበት ዘመን፣ የዓመቱ ትልቅ የገበያ ቀን በሆነው በኅዳሩ ዓርብ እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሰንበቱን ግን አልሻሩትም። ይህን ጽናት አደንቃለሁ።

ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ሱቆች ደግሞ ፉክክሩን በመብዛት ሊቋቋሙ ሞከሩ። በ1918 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ በፎቶ ስቱዲዮነት የተጀመረው ሪትዝ ካሜራ በ2001 የከሰረውን ዎልፍ ካሜራ ገዝቶ ከ1,000 በላይ ሱቆች ያዘ። የሪትዝ ትርፍ ግን ከካሜራው ይልቅ ከፊልም አጠባው ነበር። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ሰዎች ካሜራ በብዛት ገዙ፤ ማሳጠብ ግን አቆሙ። ደንበኛው በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ጠፋ። ከ1935 አንሥቼ የተረክሁት ያ የደንበኛ ምልልስ የተቋረጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለብዙ ሱቆች ውድቀት ከአማዞን ይልቅ ይህ ቀዳሚ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተደራረቡ። አማዞን በ2005 በዓመት 79 ዶላር ለከፈለ ደንበኛ ዕቃ በሁለት ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማድረስ ጀመረ። በ2006 ሌሎች ነጋዴዎች ዕቃቸውን በአማዞን መጋዘን አስቀምጠው በእርሱ በኩል እንዲልኩ አደረገ። በ2007 ግንቦት ደግሞ ፊል አስኪ የተባለ እንግሊዛዊ በ1998 የመሠረተውንና ካሜራ ገዢ ሁሉ ከመግዛቱ በፊት የሚያነበውን ዲፒሪቪው የተባለ የካሜራ ግምገማ ገጽ ገዛ። እንግዲህ ዋጋውም፣ ማድረሱም፣ ምክሩም አንድ ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት አፕል ካሜራ ያለበትን ስልኩን፣ አይፎንን፣ ለገበያ አቀረበ።

በ2008 ኒው ዮርክ አማዞን ከነዋሪዎቿ የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ ይህ ግን የአንድ ክፍለ ግዛት ጉዳይ ነበር። ሪትዝ በ2009 የካቲት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በ2010 የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በመላው ዓለም የተላከውን ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ብሎ መዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ለዓመታት ቁልቁል ሄደ። 2012 ሲገባ በጥር ኮዳክ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ በሰኔ ሪትዝ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ።

በዚያው ጥር ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም ተራው ደረሳት። ከ1953 ጀምሮ የከተማዋ ፎቶ አንሺዎች የሚያውቁት ፔን ካሜራ የኪሳራ ከለላ ጠይቆ ከስምንቱ ሱቆቹ አምስቱን ዘጋ። የቀሩትን ሦስቱን ካሉሜት የተባለ የቺካጎ ድርጅት ገዛቸው። ካሉሜት ራሱ በ2014 መጋቢት የአሜሪካ ሱቆቹን ሁሉ በድንገት ዘጋ።

ልብ የሚነካው ግን የሌስተሩ ሱቅ መዘጋት ነው። ፍራንክ ጄሶፕ የጀመረው ጄሶፕስ ከቤተሰቡ እጅ ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ በየከተማው ሱቅ ከፍቶ፣ በዕዳም ተጨናንቆ ነበር። በ2013 ጥር 9 በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ ከሁለት ቀን በኋላ 187 ሱቆቹ እንደሚዘጉና ወደ 1,370 ሠራተኞች እንደሚበተኑ ተነገረ። በአንዱ ሱቅ መስኮት ላይ ሠራተኞቹ ወረቀት ለጠፉ፤ ደንበኞች ከአማዞን ስለገዙ የጄሶፕስ ሠራተኞች ያመሰግናሉ የሚል ነበር። የወረቀቱ ፎቶ በዓለም ዞረ። ምሬቱ ይገባኛል። ሌንሱን ያሳዩት፣ ጥያቄውን የመለሱት እነርሱ ነበሩ፤ ገንዘቡ የሄደው ሌላ ቦታ ነው። ስሙን ፒተር ጆንስ የተባለ ነጋዴ ገዝቶ በመጋቢት መጨረሻ ጥቂት ሱቆች ከፈተ፤ የቀድሞው ጄሶፕስ ግን ያ ሆኖ አልተመለሰም።

ታዲያ ዘጠነኛው አቬኑ ላይ ያለው መደብር እንዴት ተረፈ?

መጀመሪያ፣ አምራቾቹ ራሳቸው ተመለሱ። ኒኮን፣ ካነንና ሶኒ የተፈቀደላቸው ነጋዴዎች ሁሉ አዲስ ካሜራ ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳያስተዋውቁ አጥብቀው ያዙ። በዚህ ምክንያት አንድ አዲስ ካሜራ በአማዞንም፣ በቢ ኤንድ ኤችም፣ በሰፈሩ ሱቅም ዋጋው እስከ ሳንቲሙ አንድ ሆነ። በ1975 የተሻረው ነገር በሌላ በር ገባ ማለት ነው፤ ዋጋው ሲስተካከል ደግሞ ማን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ዳግም ተነሣ።

ሁለተኛ፣ ቢ ኤንድ ኤች ፎቶ ብቻ መሸጥ ትቶ ነበር። ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ኮምፒውተር፣ ቴሌስኮፕ ጨመረ። ለአንድ ካሜራ የሚሆነውን ገመድ፣ ማጣሪያ፣ ብሎን ሳይቀር አንድ ቦታ ማግኘት ለባለሙያ ጊዜ ማትረፍ ነው። የቆየ ዕቃ በአዲስ መለወጫ ክፍልም አለው፤ አሮጌውን ሌንስ ብርሃን ላይ ይዞ ሻጋታና ጭረት የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ፎቶ በማየት ብቻ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ በግዙፉ ገበያ ላይ እምነት ሳሳ። በአማዞን መጋዘን ውስጥ የአምራቹ ባርኮድ ብቻ ያለባቸው የልዩ ልዩ ነጋዴዎች ዕቃዎች ለብዙ ዓመታት ተቀላቅለው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። ከታማኝ ነጋዴ ያዘዝከው ሜሞሪ ካርድ ካልታወቀ ሰው ክምችት ሊወጣ ይችል ነበር። ሐሰተኛ ካርድ በመልክ አይለይም፤ ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ይላል፣ ውስጡ ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሲሞላ የቀደመውን ያጠፋል። የሰርግ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀለበት ሲጠለቅ ያለፈችው ደቂቃ ተመልሳ አትነሣም።

የመደብሩን ጥንካሬ ስናገር የሠራተኞቹን ድካም መዝለል ትክክል አይሆንም። በ2007 መጋዘን ውስጥ ለሚሠሩ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ያነሰ ደመወዝ ይከፍላል ተብሎ ለቀረበበት ክስ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2015 የብሩክሊን መጋዘን ሠራተኞች በማኅበር ለመደራጀት ድምፅ ሰጡ። በ2017 ከአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ጋር በ3.2 ሚሊዮን ዶላር ሌላ ስምምነት አደረገ፤ መጋዘኑም ወደ ኒው ጀርሲ ዞረ። በጣሪያው ስር የሚጓዘው ዕቃ አስቀድሞ የሚያልፈው በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ያለው ክብር ምድር ቤት ድረስ መውረድ ነበረበት።

በ2018 ሰኔ 21 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የ1992ቱን ፍርድ ሻረ። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ግዛቶች ሩቅ ያለ ሻጭም ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ ቻሉ። በሰፈር ሱቆች ዘንድ ለሃያ ስድስት ዓመት የተጠበቀ ፍርድ ነበር፤ ለብዙዎቹ ግን ዘግይቶ ደረሰ። ቢ ኤንድ ኤች በፍርዱ የድሮ ጥቅሙን አጣ፤ በ2019 ግን ፔይቡ የተባለ የራሱን ክሬዲት ካርድ አወጣ። በካርዱ የከፈለ ደንበኛ ታክሱን ይከፍላል፣ መደብሩ ደግሞ የታክሱን ያህል ወዲያው ይቀንስለታል። በኒው ዮርክ ከተማ ታክሱ 8.875 በመቶ ነው፤ 2,000 ዶላር በሚያወጣ ካሜራ ላይ 177 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ያ ሁሉ ከመደብሩ ትርፍ ላይ የሚነሣ ነው።

በ2020 መጋቢት በወረርሽኙ ምክንያት የዘጠነኛው አቬኑ በር ተዘጋ፤ መደብሩ በመላክ ብቻ ቆየ፣ በኋላም ከፈተ። በ2023 መጋቢት አማዞን ዲፒሪቪውን በሚያዝያ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ሃያ አምስት ዓመት የተጠራቀመ የካሜራና የሌንስ ፍተሻ ከገዛው ድርጅት ዘንድ ቦታ አጣ። ፎቶ አንሺዎች ገጾቹን ለማትረፍ መገልበጥ ጀምረው ነበር፤ በሰኔ ጊር ፓትሮል የተባለ አሳታሚ ገዝቶት ከመጥፋት ተረፈ። በዚያ ዓመት የተላከው ዲጂታል ካሜራ 7.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ ካሜራ የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው፤ ያ ጥቂት ሰው ግን የሚገዛውን የሚጠይቅ፣ የሚያነጻጽር፣ በእጁ ይዞ ማየት የሚፈልግ ነው።

አዲስ አበባ ሆነው በሰርግና በቪዲዮ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙዎች ካሜራቸውን የሚያስገዙት አሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር እንዲያይላችሁ ለምኑት። ሻጩ ማን ነው? ግዙፉ ገበያ ራሱ ነው ወይስ በእርሱ ገጽ ላይ የተቀመጠ ሌላ ነጋዴ? የአምራቹ የአሜሪካ ዋስትና አለው ወይ? የኒኮን የአሜሪካ ወኪል በሌላ በር የገባን ካሜራ በገንዘብም ቢሆን አይጠግንም። ሜሞሪ ካርዱ ከተፈቀደለት ነጋዴ የተገዛ ነው? ካርዱ ሲደርሳችሁም ሰርግ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት እስኪሞላ ቅረፁበትና መልሳችሁ እዩት። ጥያቄ ካላችሁ ስልክ አንሥቶ የሚመልስ ሻጭ ፈልጉ። ዘጠነኛው አቬኑ ላይ ያለውን ከመረጣችሁና ቀኑ ዓርብ ማታ ከሆነ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ታገሡ።